የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት፦ ለባሕር ዳር ጠበቆችና የሕግ መምህራን ግልጽ ደብዳቤ

በባሕር ዳር ከተማ በጥብቅና ለምትሠሩ፣ በተከላካይ ጠበቃነት ለምታገለግሉ፣ ሕግ ለምታስተምሩና ለምትማሩ በሙሉ፤

እንደምን ሰነበታችሁ?

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ሽምብጥ ባለው ግቢዬ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉኝ፤ ለተማሪዎች አከራያቸዋለሁ። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ናቸው። በግል ኮሌጅ የሚማሩ፣ ዶርም የሌላቸው፣ ቤተሰቦቻቸው ጤፍና ትንሽ ብር እየላኩ የሚያስተምሯቸው ልጆች ናቸው። “እትዬ” ይሉኛል። ሲታመሙ ሐኪም ቤት የምወስዳቸው እኔ ነኝ። ባለፈው ግንቦት ደግሞ አንዱ ሲታሰር የተደወለው ለእኔ ነው።

የልጁን ስም አልጠራም። ያለፈበት ይበቃዋል። ይህን የምጽፈው የደረሰበት ነገር ነገም በሌላ ልጅ ላይ ሊደርስ ስለሚችል ነው። እናንተን የምለምናችሁም ትልቅ ነገር አይደለም፤ ከጊዜያችሁ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ለምን ሁለት ሰዓት እንዳልኩ ከታች ታዩታላችሁ።

ነገሩ የተጀመረው ፑል ቤት ውስጥ ነው። ቀኑ ዓርብ፣ ሰዓቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ። የእኔ ልጅና አንድ የክፍል ጓደኛው በጨዋታ ተራ ተጣሉ። ተሰዳደቡ። ከዚያ የእኔው ልጅ በቡጢ መታው። የሌላው ልጅ ጉንጭ አበጠ። ሰው ገብቶ ገላገላቸው። የተመታው ልጅ ወንድም ግን ተናዶ ፖሊስ ጠራ። 3 ሰዓት ሲሆን ልጁ ጣቢያ ነበር።

መምታቱ ጥፋት ነው። እሱም ያውቀዋል። ከጥፋቱ ነጻ አድርጉልኝ እያልኩ አይደለም።

በዚያው ሌሊት ቃሉን ሰጠ። ብቻውን ነበር። ማንም አልመታውም፤ ማንም አልሰደበውም። እንዲያውም መርማሪው ሻይ አስመጥቶለታል። ይህን የምለው እውነቱ እንዲህ ስለሆነ ነው፤ በደሉ የመጣው ከክፉ ሰው አይደለም። የመጣው አጠገቡ አንድም የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ነው። “ስትመታው በእጅህ ምን ይዘህ ነበር?” ተብሎ ተጠየቀ። “ስቲክ ይዤ ነበር” አለ። እውነቱን ነው፤ ፑል እየተጫወተ ስለነበር ስቲኩ፣ የፑሉ መምቻ እንጨት፣ በግራ እጁ ነበር። የመታው በቀኙ ነው። ግን በየትኛው እጅ እንደመታ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም መናገር እንዳለበት አላወቀም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው “በእጁ በያዘው እንጨት” የሚል ነው። ርቦታል፣ ደንግጧል፣ ደክሞታል። ሳያነበው ፈረመ።

እናንተ ይህን ስታነቡ ወዲያው የሚገባችሁን ነገር እኔ ለማወቅ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀል ሕግ አንድ ባልደረባዬ አውሶኝ አነበብኩ። አንቀጽ 560 ስለ እጅ እልፊት፣ ማለትም የአካል ጉዳት ሳያደርሱ ሰውን ስለመምታት ይናገራል። ሰንበር፣ እብጠት ወይም ለጊዜው ተሰምቶ የሚያልፍ ሕመም እንደ አካል ጉዳት እንደማይቆጠር እዚያው ተጽፏል። ቅጣቱ የገንዘብ መቀጮ ነው፤ ነገሩ ከበድ ካለ አጭር እስራት። የሚያስከስሰውም የተበደለው ሰው አቤት ሲል ነው። አቤት ያለው ሰው ከታረቀ ነገሩ ያበቃል ማለት ነው።

ስለ ቀላል የአካል ጉዳት የሚናገረው አንቀጽ 556 ንዑስ አንቀጽ 2 ግን ሌላ ነው። ጉዳቱ የደረሰው መሣሪያ በሆነ ወይም ጉዳት ሊያደርስ በሚችል ነገር ከሆነ ክሱ አቤቱታ አይጠብቅም። እስራቱም ከ6 ወር ይጀምራል። ዕርቅ ቢወርድ እንኳ መዝገቡ በዕርቁ ብቻ አይዘጋም።

የእኔ ልጅ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረው በአንዲት ቃል ነው። “በእንጨት” በምትል ቃል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለም? እዚህ ግን ከአፉም አልወጣችም፤ ወረቀቱ ላይ ነው የተገኘችው።

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ያለመናገር መብት እንዳለው ነግረውት ነበር ወይ? በኋላ ስጠይቀው “አዎ፣ አንድ ነገር ብለውኛል” አለኝ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ይህን መብት ሰጥቶታል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 27 መርማሪው ይህን እንዲነግረው ያዛል። ግን ልጁ የመጣው ጣና ላይ ካለችው ከደቅ ደሴት ነው፤ የደቅ ልጅ እንዴት እንደሚያድግ እናንተም ታውቃላችሁ። ትልቅ ሰው ሲጠይቅህ ቀና ብለህ ትመልሳለህ። ዝም ማለት ንቀት ነው። ዝም ያለ ልጅ ወይ ባለጌ ነው ወይ የሚደብቀው ነገር አለ። በእንደዚያ ዓይነት ቤት ያደገ ልጅ፣ ደንብ ልብስ የለበሰ ሰው “ካልፈለግህ አትናገር” ቢለው መብት አይመስለውም። ፈተና ነው የሚመስለው። መብት መሆኑን ሊያስረዳው የሚችለው ከጎኑ የተቀመጠ ሌላ ሰው ብቻ ነው።

እኔ ጣቢያ የደረስኩት ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። ቃሉን ሰጥቶ ጨርሷል። ዋስ ልሁነው አልኩ። “ደመወዝተኛ ነሽ?” አሉኝ። ነኝ። “ከመሥሪያ ቤትሽ ደብዳቤ አምጪ” አሉኝ። ዓርብ ሌሊት ከየት ይመጣል? ቅዳሜና እሑድ ቢሮ ዝግ ነው። ደብዳቤው ሰኞ 4 ሰዓት ላይ እጄ ሲገባ ልጁ ፍርድ ቤት ተወስዷል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ልጆች የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው። የገጠር ልጅ በከተማ የሚያውቀው ደመወዝተኛ የለውም። የሚያውቀው ጓደኞቹን ነው፤ እነሱም ተማሪዎች ናቸው። አከራይ ያውቃል፤ አከራዩ ግን ብዙ ጊዜ ነጋዴ ወይም ጡረተኛ ነው። አብዛኛው አከራይ ደግሞ ለተከራይ ዋስ አይሆንም፤ አልፈርድበትም። አባቱ ጣና መሐል ነው፤ ጀልባ እንደ ልብ አይገኝም። እነዚህ ዓመታት ደግሞ በክልላችን መንገድ የሚዘጋበት፣ ስልክ የሚቋረጥበት ጊዜ ሆነዋል። ስለዚህ ዋስ አጣ ማለት የማይታመን ሰው ነው ማለት አይደለም። ከቤቱ የራቀ ሰው ነው ማለት ነው።

ሕጉ ይህን ያየ ይመስለኛል። በዚያው ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 28 ላይ፣ ጽኑ እስራት (ለከባድ ወንጀል የሚወሰነውን) በማያስከትል ክስ መርማሪ ፖሊስ ራሱ ተጠርጣሪውን በዋስ ወይም ያለ ዋስ፣ ግዴታ አስፈርሞ ሊለቀው እንደሚችል ተጽፏል። እጅ እልፊትም ሆነ ቀላል የአካል ጉዳት ጽኑ እስራት አያስከትሉም። እንግዲህ ያ ልጅ ዓርብ ሌሊት ወደ ክፍሉ መመለስ ይችል ነበር። ግን ይህን አንቀጽ የሚያነሳ ሰው አልነበረም። እኔ አላውቅም። ባውቅስ ማን ይሰማኛል?

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። የልጁ 48 ሰዓት ያለቀው እሑድ ማታ 3 ሰዓት ነው። የቀረበው ሰኞ ጠዋት ነው። መዘግየቱን ማን ያንሳው? ፖሊስ ለተጨማሪ ምርመራ 14 ቀን ጠየቀ። ዳኛው “የምትለው አለህ?” ብለው ጠየቁት። “የለኝም” አለ። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ልቤ ተሰበረ። የዋስትና መብቴ ይጠበቅልኝ ማለት ነበረበት። ግራ እጅ ቀኝ እጅ ማለት ነበረበት። ሳምንት ቆይቶ የፍጻሜ ፈተና እንዳለበት መናገር ነበረበት። ዳኛው በቅንነት ነው የጠየቁት። እሱም በቅንነት ነው የመለሰው። ሰባት ቀን ተሰጠ።

በሰባተኛው ቀን 5 ሺህ ብር አስይዞ ወጣ። ፈተናው ግን ተጀምሮ ነበር። ኮሌጁ ያለ ማስረጃ የቀረ ተማሪን አልፈትንም አለ። መታሰሩ ማስረጃ አይሆንም ወይ ብዬ ብሄድ፣ ያንን ወረቀት ማስገባት ለራሱም አይበጀውም ተባልኩ። ዓመቱ በዚያው ሄደ። እጅ እልፊት ሆኖ በመቀጮ ሊያልቅ የሚችል ነገር የአንድ ዓመት ትምህርት በላ።

አባቱ የመጣው በአራተኛው ቀን ነው። ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ በእጁ የፍየል ሽያጭ ብር ይዞ። “እኅቴ፣ ልጄን በምን ላውጣው?” አለኝ። እኔ መልስ አልነበረኝም። እሱ ግን ከእኔ ሳይማከር ፍርድ ቤቱ በር ላይ መልስ አገኘ። ማመልከቻ ከሚጽፉት ሰዎች አካባቢ የሚንጎራደድ አንድ ሰው “ዳኛውን አውቀዋለሁ፤ ጉዳዩን እኔ እጨርሰዋለሁ” አለው። 4 ሺህ ብር ተቀበለው። ደረሰኝ የለም፣ ስም የለም። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልተነሳም። ያ አባት ማንበብ አይችልም፤ ፈቃድ ያለውን ጠበቃ ከደላላ በምን ይለየው? ማመልከቻ ጸሐፊዎቹን አልወቅስም። ብዙዎቹ በታማኝነት ይሠራሉ፤ በጥቂት ብር ጥሩ ማመልከቻ የሚጽፉ አሉ። ግን በዚያ በር ላይ የደነገጠ ወላጅ ብቻውን መቆም የለበትም።

ከዚያ ጠበቃ መፈለግ ጀመርን። የመጀመሪያው መዝገቡን ከያዝኩ እስከ ፍርድ ድረስ ነው ብሎ 30 ሺህ ብር ጠየቀ። ሁለተኛው ትንሽ ቀነሰ። ዋጋችሁን እያማረርኩ አይደለም። የእናንተም ቢሮ ኪራይ አለው። ቀጠሮ ሲቀያየር ቀናችሁ እንደሚባክን አይቻለሁ። ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ሁለቱም የሚሸጡት ሙሉ መዝገብ ብቻ ነው። እኛ ግን ያጣነው ሙሉ መዝገብ አልነበረም። ያጣነው ሁለት ሰዓት ነው። አንዱ ሰዓት ዓርብ ሌሊት፣ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት። ሌላው ሰዓት ሰኞ ጠዋት፣ ችሎት ፊት። እነዚያ ሁለት ሰዓታት ቢገኙ ኖሮ ሙሉ መዝገብ የሚባል ነገር ባልኖረ።

በመጨረሻ ያገኘናት ጠበቃ ወጣት ናት። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው ያገናኘኝ። 12 ሺህ ብር፣ በሦስት ጊዜ ክፍያ አለችን። ውሉን በጽሑፍ ሰጠችን። ፈቃዷን ሳንጠይቃት አሳየችን። የመጀመሪያ ሥራዋ ፑል ቤቱን የሚጠብቀውን ልጅ ማነጋገር ነበር። ስቲኩ በየትኛው እጅ እንደነበረ ያየ ምስክር ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ ማንም አልጠየቀውም። ከዚያ ለዐቃቤ ሕጉ አመለከተች። ምስክርነቱ ተሰማ፣ ክሱ ተሻሻለ፣ ወደ እጅ እልፊት ወረደ። ሽማግሌዎች ገቡ፤ የተመታው ልጅ አባት ደግ ሰው ናቸው። ልጆቹ ተቃቀፉ። አቤቱታው ተነሳ፤ መዝገቡ ተዘጋ። አራት ወር ፈጀ። ያቺ ልጅ ዓርብ ሌሊት እዚያ ብትሆን አንድ ሌሊት ይፈጅ ነበር።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል። እኔ በዚያ ሰሞን ስለ ከተማችን ያሰብኩት ይህንን ነው። ባሕር ዳር የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መቀመጫ ናት። ከወረዳ እስከ ሰበር ችሎት ያለው ሁሉ እዚሁ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለ፤ አቅም ለሌላቸው ሰዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። በፍርድ ቤት ሥር ተከላካይ ጠበቆች አሉ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ጽሕፈት ቤትም እዚህ አለ። በየፎቁ “የሕግ አማካሪና ጠበቃ” የሚል ታፔላ ተሰቅሏል። ይህ ሁሉ ባለበት ከተማ አንድ የ20 ዓመት ልጅ ስለ ግራ እጁ የሚናገርለት ሰው አጣ።

ለምን? ሳስበው ምክንያቱ “ትንሽ ክስ” የሚለው ስም ነው ብዬ አምናለሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ላይ ለተከሰሰ ሰው ጠበቃ ይሰጠዋል፤ ጠበቃ ለማቆም አቅም በማጣቱ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ያቆምለታል። ተከላካይ ጠበቆች ጥቂት ናችሁ፤ ሥራችሁ ብዙ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትደርሱት ለነፍስ ግድያ፣ ለከባድ ውንብድና፣ ረጅም እስራት ለሚያመጣ ክስ ነው። ይገባኛል። ግን የክስ ትንሽነት የሚለካው በቅጣቱ ርዝመት ብቻ ነው ወይ? ለነጋዴ ሰባት ቀን ሰባት ቀን ነው። በግንቦት መጨረሻ ለተያዘ ተማሪ ግን ሰባት ቀን ዓመት ነው። ጥፋተኛ ተብሎ ከተመዘገበ ደግሞ ተመርቆ ሥራ ሲፈልግ፣ ከወንጀል ነጻ መሆንህን የሚያሳይ ወረቀት አምጣ ሲባል፣ ያች ቡጢ ተከትላው ትመጣለች። እዚህ ላይ ፍትሕ አይጓደልም ትላላችሁ?

እንግዲህ ወደ ልመናዬ ልምጣ።

ጠበቆች ሆይ፣ ሙሉ መዝገብ መያዝ ለማይችል ሰው የመጀመሪያውን ቃልና የመጀመሪያውን ችሎት ብቻ ለይታችሁ ስጡት። ዋጋውን አነስ አድርጋችሁ፣ ቁርጥ አድርጋችሁ፣ በግልጽ ለጥፉት። ወላጅ ፍየሉን ከመሸጡ በፊት ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ይወቅ። የሚከፍል ጥቂት ይክፈል፤ የማይችል በነጻ ይታይ። ለፌደራል ፍርድ ቤት ጠበቆች በ1992 ዓ.ም. በወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 ላይ አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ተጽፎ አንብቤያለሁ። 50 ሰዓት በሳምንት አንድ ሰዓት ገደማ ማለት ነው። በክልል ፈቃድ ለምትሠሩትም ልኩ ይኸው ቢሆን ብዙ የሚከብዳችሁ አይመስለኝም። አሥር ጠበቆች ብትስማሙ 500 ሰዓት ነው። ሁለት ሁለት ሰዓት ለሚያስፈልጋቸው 250 ልጆች ይበቃል። ተራ ግቡ፤ በየሳምንቱ መጨረሻ አንድ ተረኛ ይኑር። ስልኩ በየፖሊስ ጣቢያው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ዓርብ ሌሊት የሚነሳ አንድ ስልክ፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምፈልገው እሱን ነው።

የሕግ መምህራንና የሕግ ተማሪዎች፣ እናንተ ደግሞ ጊዜና ጉልበት አላችሁ። በነጻ የሕግ ድጋፍ ለመበለቲቱም ለአረጋዊውም የምትሠሩት ሥራ የተባረከ ነው። በዚያ ላይ ይህን ጨምሩልን። የተያዘ ሰው ምን ይበል፣ ምን አይበል፣ በቀላል አማርኛ አንድ ገጽ ጻፉ። “ያለመናገር መብት አለህ” ብላችሁ ብቻ አታቁሙ። “ዝም ማለትህ ንቀት አይደለም፤ መርማሪውም እንደ ንቀት አይቆጥረውም” ብላችሁ ጻፉ። “ሳታነብ አትፈርም፤ ያላልከው ቃል ካለ ይስተካከልልኝ በል” ብላችሁ ጻፉ። ያንን ወረቀት በግል ኮሌጆችም በር ላይ ለጥፉት። የዩኒቨርሲቲ ልጅ ቢያንስ የሚጠይቀው ሰው አለው፤ የተማሪ አገልግሎት አለው፣ መማክርት አለው። ተከራይቶ የሚማረው ልጅ ማንም የለውም። ከደቅና ከዘጌ ጀልባ የሚቆምበት ቦታ ላይም ብትለጥፉት ደስ ይለኛል፤ ወላጆች የሚያልፉት በዚያ ነው።

ፖሊሶችና ዳኞች ደብዳቤዬን ካነበባችሁት፣ ለእናንተም አንድ ነገር አለኝ። ለቀላል ክስ የተማሪ ዋስ ከኮሌጁ ዲን የሚጻፍ ደብዳቤ ቢሆንስ? ልጁ የት እንደሚማር፣ የት እንደሚኖር፣ መቼ ፈተና እንዳለው የሚያውቀው ኮሌጁ ነው። ትምህርቱን ጥሎ የትም አይሄድም፤ ቤተሰቡ ያለውን ሁሉ አውጥቶበታል። እንዲያውም ከእኔ ደመወዝ ይልቅ እሱ ይበልጥ የሚታመን ዋስ ነው። “የምትለው አለህ?” ተብሎ ሲጠየቅ ዝም ላለ ልጅ ደግሞ “ዋስትና መጠየቅ ትችላለህ” የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምሩለት። ያቺን ቃል የሚነግረው ሌላ ሰው የለም።

ወላጆችና ተማሪዎች ይህን ካነበባችሁ፣ እኔ በብዙ ዋጋ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ልጃችሁ ከተያዘ ያለመናገር መብት አለው። ጠበቃውም፣ ቤተሰቡም፣ ጓደኛውም፣ የሃይማኖት አባቱም ሊጎበኙት መብት አለው፤ አንቀጽ 21 ነው። ችሎት ሲቀርብ የመጀመሪያ ቃሉ “ዋስትናዬ ይጠበቅልኝ” ይሁን። ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይባላል። ፈተና ካለበት የኮሌጁን የፈተና ፕሮግራም አትማችሁ ለዳኛው አሳዩ። ያዩ ምስክሮችን ስምና ስልክ በዚያው ቀን ያዙ፤ ሰው ቶሎ ይረሳል። የተጣላው ወገን ጋ ሽማግሌ ቶሎ ላኩ፤ ነገር ሳይሻክር። ጠበቃ ስትይዙ ፈቃዱን ጠይቁ፣ ውሉን በጽሑፍ አድርጉ፣ በየክፍያው ደረሰኝ ተቀበሉ። “ዳኛውን አውቀዋለሁ” ለሚል ሰው አምስት ሳንቲም አትስጡ። ገንዘብ የለኝም ብላችሁም አትቅሩ። ተከላካይ ጠበቃ እንዲቆምለት ልጁ ራሱ ችሎት ላይ ይጠይቅ፤ አቅም እንደሌላችሁ የሚያሳይ ወረቀት ከቀበሌ አውጡ። ሊከለከል ይችላል። ሳይጠይቅ ግን በርግጥ አያገኝም።

እኔ የምችለውን ለማድረግ ተዘጋጅቻለሁ። ከትምህርት ቤቴ የደመወዝ ደብዳቤ አስቀድሜ አጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ በየሦስት ወሩ አሳድሰዋለሁ። ሁለት መምህራን ጓደኞቼም እንደዚሁ አድርገዋል። ተረኛ ጠበቃ የምትሆኑ ከሆነ እኛ ተረኛ ዋስ እንሆናለን። የመጀመሪያውን የስልክ ዝርዝር በራሴ ወጪ አሳትማለሁ። በየጣቢያው ዞሬ ፈቃድ የምጠይቀውም እኔ ነኝ። የሚጎድለኝ በዝርዝሩ ላይ የሚጻፍ ስልክ ነው።

ልጁ ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመትን እንደገና ጀምሯል። ክፍሉ ያው ነው፤ ከጓሮ ያለችው። አባቱ ባለፈው እሑድ መጥቶ ነበር። ቡና አፍልቼለት ስንጠጣ፣ “እኅቴ፣ አሁንስ ያንን ሰው አወቅሽው?” አለኝ። “የቱን ሰው?” አልኩት። “ሌሊት የሚደወልለትን” አለኝ። እየፈለግሁ ነው አልኩት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት መምህርትና የተማሪዎች አከራይ
ሽምብጥ፣ ባሕር ዳር